ቤት ይሸጣል፤ ደጁስ?

ማክሰኝት አጠገብ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ይሸጣል እንበል፤ እልፍኙ፣ በረቱ፣ ጎተራው፣ አውድማው፣ የጓሮው ጌሾ ሳይቀር። ገንዘብ ያለው ሰው መጥቶ «ስንት ነው?» ይላል። ለመሆኑ የሚገዛው ምንድን ነው?

ሕጉ ነገሩን አሳጥሮታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ መሸጥ መለወጡንም ከለከለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ያንኑ አጸና፦ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በላዩ በጉልበትና በገንዘብ የተሠራው ግን የሠሪው ነው፤ ይሸጣል፣ ይወረሳል። እንግዲህ ገዢያችን ግድግዳና ክዳን ገዛ እንጂ የቆሙበትን አልገዛም። ማሳውን ቢሻ በኪራይ ወይም በእኩል ነው። ግራ ያጋባል፤ ሰው እኮ ቤቱን የሚወደው ከነደጁ ነው።

ድሮስ? በዚያ አገር ርስት የዘር ነበር። በአባትም በእናትም ቆጥሮ ከአቅኚው አባት የሚደርስ ሁሉ «ድርሻ አለኝ» ይላል፤ ለባዳ ልሽጥ ባይ ዘመድ ይነሣበታል። ቢሆንም ፈጽሞ አይሸጥም ነበር ማለት አይደለም። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የመሬትና የቤት ሽያጭ ከነዋሱ ከነምስክሩ ተጽፎ ይገኛል።

ታዲያ ናፍቆት አያታልለን። ያ ርስት ደጁን የከፈተው ለተወለደበት ነው። ቤተ እስራኤሉ ብረት ቀጥቅጦ ሸክላ ሠርቶ፣ ሙስሊሙ ሸማ ሠርቶና ነግዶ ሲኖር፣ ባብዛኛው በሰው መሬት ላይ ነበር። ገበያ ገንዘብ የሌለውን ያስወጣል፤ ርስት ዘር የሌለውን ያስወጣል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሎክ የባለቤትነት መነሻ ድካም ነው ብሏል። ደግ ብሏል፤ ግን የማን ድካም? ያን ካብ የካበው፣ ያን ማሳ ከድንጋይ ያጠራው ሞቷል። ሻጩ ምናልባት ከተማ ገብቷል። ዛሬ ከጥማድ በሬው ጋር እዚያ የሚውለው እኩል አራሹ ነው፤ በሽያጩ ግን ስሙ አይነሣም። ገዢው ማሳውን ለራሱ ቢከራየው ያ ሰው ልጆቹን ይዞ ወዴት ይሄዳል?

እኛ የምንለው ይህን ነው፦ አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው የሙታን ድካም በነጻ ደርሶታልና የሕያዋኑን ድካም ሊረግጥ አይገባውም። ከ«ስንት ነው?» በፊት «ማን ያርሰዋል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ መልሱም በውሉ ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበት ውል በሕግ ፊት ይቆም ይሆናል፤ በኅሊና ፊት ግን ዋስ የለውም።