ትርፍ ነው የምንለው ዕቃ

በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ ጥር ከገባ ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም መዳረሻ ድረስ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ከፋሲካም በኋላ እንደገና ይጀመራል። በነሐሴ ወር ከተማችን ስሙን የምትጋራው የደብረ ታቦር በዓል አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን በሚያስመርቅበት ሰሞንም ፎቶ አንሺ ሥራ አያጣም። በእነዚህ ወቅቶች መካከል ባሉት ጸጥ ያሉ ወራት ግን ፎቶ አንሺዎች ሲገናኙ የሚነጋገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የትኛውን ዕቃ ሸጠው የትኛውን እንደሚገዙ ነው።

እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። በሥራ ቀናት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ካሜራ አንግቤ በየሰርግ ቤቱ እዞራለሁ። በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሁለት ካሜራና አራት ሌንስ ነበረኝ። አሮጌውን ካሜራ ከአንድ ሌንስ ጋር ሸጬ፥ ያጠራቀምሁትን ጨምሬ አዲስ ገዛሁ። ዕቃውን የገዛው ሰው ሩቅ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦርሳዬን ተሸክሞ፥ መብራት ይዞ ሲከተለኝ የነበረ ወጣት ነው። ወደዚህ ሽያጭ ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሞ ግን ያን ጊዜ ለራሴ ደጋግሜ የነገርሁትን አንድ ቃል መመርመር ይገባል። «ትርፍ ዕቃ ነው» እል ነበር።

በአማርኛችን «ትርፍ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ነጋዴ ከሽያጩ የሚያገኘው ጭማሪ ትርፍ ይባላል፤ ከሚያስፈልገን በላይ ሆኖ የተቀመጠውም ነገር ትርፍ ይባላል። አራት ሌንስ ያለው ሰው «ትርፍ ስላለኝ ልሽጥ» ሲል ሁለቱን በአንድ አፍ መናገሩ ነው። በሁለተኛው ትርጉም ላይ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ የምትለው ብዙ ነገር አላት። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን ባለጠጎችን ሲገሥጽ፥ በሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጠውን ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት አድርጎ ቈጥሮታል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፥ ሰው ለኑሮውና ለማዕረጉ የሚገባውን ካሟላ በኋላ ከተረፈው ለድኾች የመስጠት ግዴታ እንዳለበት አስተምረዋል። ይህም ግዴታ ድኻው እጅግ በከፋ ችግር ላይ ካልወደቀ በቀር የፍትሕ ሳይሆን የፍቅር ግዴታ ነው ብለዋል። ይህ ከሆነ፥ ትርፉን ሸጦ በገንዘቡ ሌላ ትርፍ የሚገዛ ሰው ከግዴታው አልወጣም፤ ትርፉ መልኩን ለወጠ እንጂ ከቤቱ አልወጣም።

ነገር ግን እዚህ ላይ መቸኰል አይገባም። ካሜራ ለፎቶ አንሺ ጌጥ አይደለም፤ ለገበሬ በሬ እንደ ማለት ነው። በፋርጣም ሆነ በጉና ተራራ ሥር ያለ ገበሬ ያረጀ በሬውን አቀላቦ ለበዓል ገበያ ያወጣል፥ ጥቂት ጨምሮም ወይፈን ይገዛል። ስስታም ነህ የሚለው የለም፤ እንዲያውም ይህን ያላደረገ ገበሬ በሰኔ ይጸጸታል። ሁለተኛ ካሜራ መያዝም እንዲሁ ነው። ሙሽራይቱ ከእናትዋ ቤት የምትወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያች ሰዓት ካሜራው ቢበላሽ «ተመልሰሽ ውጪ» አይባልም። ስለዚህ ሁለተኛው ካሜራ ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥም ትርፍ ሊባል አይችልም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ እንደሚያርስ ሁሉ፥ ፎቶ አንሺዎችም ሁለተኛውን ካሜራ በመቀናጆ ቢይዙት ብዙ ወጪ በቀረ ነበር። ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ባቀርብ ሳቁብኝ። በሬ አይሰበርም አሉኝ።

እንግዲህ ዕቃው ትርፍ መሆኑንና አለመሆኑን የሚወስነው ማን ነው? በዚህች ከተማ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ኋላ በደብረ ታቦር የተቀመጡትና በአቅራቢያዋ ባለችው ጋፋት መድፍ ያስቀልጡ የነበሩት አፄ ቴዎድሮስ፥ እ.ኤ.አ. በ1860 ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ፥ ከዚያ በላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን መሬት ትርፍ ስለሆነ ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ በማለታቸው ከካህናቱ ጋር ክፉኛ ተጣሉ። ማን ትክክል እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ይነጋገሩበት። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። «ይህ ትርፍ ነው» የሚለውን ቃል አስቀድሞ የሚናገረው ገንዘቡን ለሌላ ነገር የሚፈልገው ወገን መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊታቸውን ለማጠናከር ገንዘብ ያስፈልጋቸው ነበር። እኔም በ2011 ዓ.ም. አዲሱን ካሜራ በስልኬ ከማየቴ በፊት በነበረው ወር፥ አሮጌው ትርፍ ነው የሚል ሐሳብ ጨርሶ መጥቶብኝ አያውቅም። ትርፍ ያደረገው አዲሱ ነው።

ነገሩም ሆን ተብሎ የሚዘጋጅ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒኮን በኦገስት፥ ካኖን ደግሞ በሴፕቴምበር ወር መስታወት አልባ የሚባሉትን አዳዲስ ካሜራዎቻቸውን አስተዋወቁ። የሌንሱ መግጠሚያ ከቀድሞው የተለየ ስለ ነበረ፥ ካኖን ከ1987 ጀምሮ ይዞት የቆየው መግጠሚያ የነበራቸው ሌንሶች በአዲሶቹ ላይ የሚሠሩት በአዳፕተር ብቻ ሆነ። በአንድ ማስታወቂያ ምክንያት ትናንት መልካም የነበረ ዕቃ በባለቤቱ ዓይን አረጀ። ሰርግ የጠራን ሰው ግን ልዩነቱን አያይም። ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ከአፄ ምኒልክ እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ፤ ዛሬ ፊቶቹን አይተን ስንደነቅ በየትኛው ካሜራ እንደ ተነሡ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም።

ሆኖም መሸጥ በራሱ በጎ ጎን እንዳለው አይካድም። በእኛ ከተማ አዲስ ካሜራ ገዝቶ ሥራ የጀመረ ወጣት አላውቅም። ሁሉም የጀመሩት አንድ ሰው «ትርፍ ነው» ብሎ በሸጠላቸው ነው። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው በብር እጅግ ስለ ናረ፥ ያገለገለ ካሜራ ለድኻ ልጅ ብቸኛው በር ሆኗል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው የወቀሱት የመጣል ባህል በእኛ ዘንድ ገና ሥር አልሰደደም፤ የእኛ ዕቃ አይጣልም፥ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ስለዚህም ለእኛ የሚበጀው ጥያቄ «መሸጥ ይገባልን?» የሚለው ሳይሆን «እንዴት እንሽጥ?» የሚለው ይመስለኛል።

በዚህ ላይ ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ዘመን የጻፈውን ያህል ገበያን የሚያውቅ መምህር ጥቂት ነው። የዕቃው ጉድለት ለሁሉ የሚታይ ከሆነ፥ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይና ከሆነና ዋጋው በዚያው ልክ ከተቀነሰ፥ ሻጩ የመናገር ግዴታ የለበትም ይላል። ጉድለቱ ስውር ሆኖ ገዢውን ለአደጋ ወይም ለኪሣራ የሚዳርግ ከሆነ ግን ዝም ማለት ማታለል ነው። የከብት ገበያችን ሰዎች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ቀንዱ የተሰበረ በሬ የሚታይ ነው፤ ሲጠመድ የሚተኛ በሬ ግን በገበያ ውስጥ ቆሞ ሲታይ ከሌላው አይለይም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ስለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል።

ስለ ዋጋም ያለው ነገር ብዙ ያሳስበኛል። ሻጩ ዕቃውን በማጣቱ የሚጎዳ ከሆነ ጉዳቱን በዋጋው ላይ ሊጨምር ይችላል፤ ገዢው እጅግ ስለ ፈለገው ብቻ ግን ዋጋውን ከፍ ሊያደርግ አይገባውም፤ የገዢው ችግር የሻጩ ንብረት አይደለምና። ከአምስት ዓመት በፊት በገዛበት ዋጋ እጥፍ ዛሬ አሮጌውን የሚሸጥ ሰው፥ ምትኩን ለመግዛት እርሱም እጥፍ የሚከፍል ከሆነ፥ በዚህ መለኪያ አይወቀስም። ሰርጉ ነገ መሆኑን አይቶ አምስት ሺህ ብር የሚጨምርበት ግን ይወቀሳል።

ከሁሉም የከበደኝ የሮዴስ ነጋዴ ታሪክ ነው። የሮማው ሊቅ ኪኬሮ እንደሚያነሣው፥ አንድ ነጋዴ በረሃብ ወደ ተያዘችው የሮዴስ ደሴት እህል ጭኖ ይደርሳል፤ ሌሎች ብዙ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆኑን እርሱ ያውቃል፥ የከተማው ሰዎች ግን አያውቁም። መናገር አለበትን? ኪኬሮ አዎን ይላል። ቅዱስ ቶማስ ይህንኑ የመሰለ ጥያቄ አንሥቶ፥ ነጋዴው ባይናገር ፍትሕን አልጣሰም፥ ቢናገር ወይም ዋጋውን ቢቀንስ ግን የበለጠ በጎነት ይሆንለታል ብሎ ያልፋል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. እኔ ያ ነጋዴ ነበርሁ። አዳዲሶቹ ካሜራዎች ከወጡ ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ የአሮጌዎቹ ዋጋ በአዲስ አበባ መውረድ መጀመሩን ሰምቼአለሁ፤ ቦርሳዬን የሚሸከመው ልጅ ግን አልሰማም። በቅዱስ ቶማስ ፍርድ ይህ ፍትሕን መጣስ ላይሆን ይችላል። በዚህ ላይ ልጽናና እችል ነበር፥ ሌላው ባይኖር።

ሌላው የሌንሱ ነገር ነው። የከተማችንን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በጉና በኩል ደመናው አንዴ ከተዘረጋ ልብስ እንኳ በቤት ውስጥ አይደርቅም። ሌንስ በተዘጋ የቆዳ ቦርሳ ሆኖ ሐምሌንና ነሐሴን በጨለማ ሲከርም፥ በውስጠኛው መስታወት ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል። ከላይ ሲያዩት አይታይም፤ የስልክ መብራት ከኋላው አብርተው በመስታወቱ ውስጥ ሲመለከቱ ግን ይታያል። ፎቶውን ጥላ ላይ ሲያነሡት ደህና ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ግን ምስሉ በጭጋግ የተሸፈነ ይመስላል። ይህን በመስከረም አይቼ ነበር።

ልጁ ሌንሱን አገላብጦ ካየ በኋላ፥ «መምህር፥ ምንም የለበትም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሦስት ዓመት ሠርቼበታለሁ» አልሁት።

ይህ እውነት ነው። ሐሰት አልተናገርሁም። የጠየቀኝን ግን አልመለስሁለትም፤ እርሱም ከአክብሮት የተነሣ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

በየካቲት ወር የሠራቸውን ሰርጎች ፎቶ ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ተቈጥቶ የመጣ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ሊወቅሰኝ አልመጣም፤ ምክር ሊጠይቅ ነው የመጣው። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፥ ከሰዓት በኋላ ባለው ፀሐይ፥ ያነሣቸው ሁሉ ነጭ ጭጋግ ለብሰዋል። «ብርሃን ላይ አልችልበትም፤ ምን ባደርግ ይሻለኛል?» አለኝ። እኔም ስለ አቋቋም፥ ስለ ፀሐይ አቅጣጫ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርሁት። ያስተማርሁት ሁሉ ትክክል ነበር። እርሱ አመስግኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ የከሰዓት ሰርግ ሲጠሩት «ለዚያ ሌላ ሰው ፈልጉ» እንደሚል ከሌሎች ሰማሁ።

እስከ ቀጣዩ ዓመት ጥር ድረስ ዝም አልሁ። በልቤ ብዙ ምክንያት ነበረኝ፤ ገንዘቡ በአዲሱ ካሜራ ላይ ውሏል፥ ልጁም አልከሰሰኝም፥ ካሜራው ራሱ ደህና ነው። በመጨረሻ ጠርቼ ነገርሁት። ስልኬን አብርቼ ሻጋታውን በዓይኑ እንዲያይ አደረግሁ። ስለ ገንዘብ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፥ ለረጅም ጊዜ በሌንሱ ውስጥ ሲመለከት ቆይቶ፥ «ታዲያ እጄ ደህና ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

የሌንሱን ዋጋ መለስሁለት። ላለመቀበል ተግደረደረ፥ ኋላ ግን ተቀበለ። በቀሩበት የከሰዓት ሰርጎች ስንት ብር እንዳጣ አብረን ልናሰላ ሞክረን ነበር፤ አልሆነልንም።

በዚህ ሰሞን ደግሞ አንድ ሌላ ሌንስ ልሸጥ አስቤአለሁ፤ ገንዘቡም በሌላ ዕቃ ላይ ይጨመራል። ሊገዛ የሚፈልግ አንድ የ20 ዓመት ልጅ አለ። ያ የቀድሞው ወጣት ቅዳሜ ከእርሱ ጋር ይመጣል፤ እኔ ነኝ ና ብዬ የጠራሁት። ስልኩን አብርቶ መጀመሪያ የሚያየው እርሱ ነው።