ስለ ከንፈር ምችና ቤተ ሰብን ከእርሱ ስለ መጠበቅ

በስድስት ኪሎ አካባቢ የምትማሩና የምትኖሩ ልጆቼ ሆይ፥ የበጋው ፀሐይ በየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት አደባባይ ላይ በጠራ ሰማይ ሲያቃጥል፥ ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ ወጥቶ ወደ አምስት ኪሎ የሚወርደውን፥ ወደ ሽሮ ሜዳም የሚወጣውን ሰው ፊት ልብ ብላችሁ ብትመለከቱ፥ ከንፈሩ ዳር ቅርፊት የያዘበት፥ ያንንም በእጁ ወይም በነጠላው ጫፍ ለመሸሸግ የሚጣጣር አንድ ሰው ሳታዩ አትቀሩም። ጓደኞቹ ምች መታህ ይሉታል፤ እናቱ ዳማከሴ ትፈልግለታለች፤ እርሱም ጥቂት ቀን ከሰው ዓይን ሲሸሽ ሰንብቶ ቅርፊቱ በረገፈ ጊዜ ነገሩን ይረሳዋል። ዛሬ ልመክራችሁ የተነሣሁት ስለዚህ ቶሎ ስለሚረሳ ሕማም ነው፤ ምክንያቱም ለያዘው ሰው እጅግ ቀላል ሲሆን፥ በፍቅር ስም ለሚተላለፍበት ለደካማው ወገን፥ ይልቁንም ለአራስ ልጅ፥ የሞት ምክንያት እስከ መሆን ሊደርስ ይችላል።

እናቶቻችን ምች ሲሉ የከንፈሩን ቍስል ብቻ ማለታቸው አይደለም። ላብ እንዳጠመቀው፥ ወይም ቡናና ተልባ ሲቈላ ሽታው ሳይለቀው፥ ድንገት ወደ ፀሐይ የወጣ ሰው ትኩሳት፥ ራስ ምታትና ቍርጥማት ሲይዘው ምች መታው ይሉታል፤ በማግሥቱ ውኃ የቋጠሩ ችፍታዎች በከንፈሩ ላይ ሲወጡም የነገሩ ምስክር አድርገው ይቈጥሩታል። እናንተ የተማራችሁ ልጆች ይህን ሰምታችሁ ለመሳቅ አትቸኵሉ። ፀሐይና ትኩሳት ከከንፈር ቍስል ጋራ መዛመዳቸውን፥ ያለ ምንም መሣሪያ፥ ዘመናቸውን ሁሉ ሕመምተኛ በማስታመም ብቻ ተመልክተው ያወቁ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባቸዋል፤ የዛሬው ሕክምናም በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋራ ይስማማል። የሳቱት ቀስቃሹን እንደ ሥሩ መቍጠራቸው ላይ ነው።

የሕማሙ ሥር ሄርፐስ ሲምፕሌክስ የሚባለው ቫይረስ ሲሆን፥ ካሉት ሁለት ዐይነቶች አብዛኛውን ጊዜ በአፍ ዙሪያ የሚወጣው አንደኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ 2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት መሠረት፥ ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮን ያህሉ፥ ከመቶ 64ቱ ማለት ነው፥ ይህንን አንደኛውን ዐይነት በሰውነቱ ይዞ ይኖራል። አብዛኛው ሰው የሚቀበለው ገና በልጅነቱ፥ ከሚስመው ዘመድ ሲሆን፥ ብዙዎቹ መቼ እንደ ገባባቸው እንኳ ሳያውቁ ያድጋሉ። ቫይረሱ ግን አንድ ጊዜ ከገባ ወዲያ አይወጣም፤ የፊትን ስሜት በሚቀበለው ነርቭ ሥር ይደበቅና፥ በአመድ ተዳፍኖ ያደረ ፍም ሲጭሩት እንደሚቀላ፥ የሚጭረው ነገር ባገኘ ጊዜ በዚያው በነርቩ መንገድ ተመልሶ ወደ ከንፈር ይወርዳል። የሚጭሩትም ነገሮች የወባ፥ የሳንባ ምችና የጉንፋን ትኩሳት፥ የወር አበባ፥ ከንፈርን የሚሰነጥቅ ደረቅ ነፋስ፥ በፈተና ሰሞን የእናንተን ዕንቅልፍ የሚነሣው ጭንቀት፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኀይለኛ ፀሐይ ናቸው። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ስለ ሆነ፥ የፀሐይዋ ሥውር ጨረር በቈላ ካለው ይልቅ ይበረታል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚያታልለን ግን አናስተውለውም። ስለዚህ ምች የሚመላለስበት ሰው ባርኔጣ ወይም ጥላ ቢይዝ፥ ከንፈሩንም ፀሐይ በሚከላከል ቅባት ቢቀባ፥ በየበጋው ከሚደርስበት ሥቃይ ጥቂቱን ያስቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከሰጠው ቍጥር የምትማሩት ሌላም ነገር አለ። ከዓለም ሕዝብ እኩሌታው የሚበልጠው ይዞት የሚኖረው ነገር የነውር ምልክት ሊሆን አይችልም። አንዲት ተማሪ በከንፈሯ ላይ ቍስል በመውጣቱ ምክንያት በመኝታ ቤት ጓደኞቿ ዘንድ ስለ ጠባይዋ ስትታማ፥ ወይም አንድ ወጣት ኤች አይ ቪ ያዘህ ተብሎ ሲጠቈም ሰምቻለሁ፤ ይህ ድንቍርና ነው፤ ከድንቍርናም ክፉው ዐይነት ነው፥ ምክንያቱም የታመመውን ሰው ቍስሉን እንዲሸሽግ እንጂ እንዲጠነቀቅ አያደርገውምና።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባችሁ የጊዜን ነገር ነው። ችፍታው ከመውጣቱ በፊት፥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ልዩነት፥ ከንፈር በአንድ ሥፍራ ላይ ይነዝራል፥ ያሳክካል ወይም ያቃጥላል፤ ምች የለመደ ሰው ይህን ምልክት አይስተውም። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት የሚጠቅመው በዚህች ሰዓት ነው። ይህን መድኃኒት ካስገኙት ሊቃውንት አንዷ ገርትሩድ ኤሊየን የምትባል አሜሪካዊት ነበረች፤ ስለ መድኃኒት ሥራዋም በ1988 እ.ኤ.አ. ከሁለት ሊቃውንት ጋራ የኖቤልን ሽልማት ተቀብላለች። የሚቀባው ዐይነት በቀን 5 ጊዜ፥ ለ4 ወይም ለ5 ቀን ይቀባል፤ የሚዋጠውም ዐይነት አለ፥ እርሱ ግን በሐኪም ትእዛዝ ነው። ከመድኃኒቱ ብዙ አትጠብቁ፤ ሕማሙን የሚያሳጥረው በአንድ ቀን ገደማ ነው፤ ቍስሉ ፈንድቶ ቅርፊት ከያዘ በኋላ የተቀባ እንደ ሆነ ግን ያን ያህል እንኳ አይጠቅምም። በአደባባዩ አጠገብ ያለውን የዛሬውን የካቲት 12 ሆስፒታል የቀድሞ ሰዎች ቤተ ሳይዳ ይሉት ነበር፤ ይህንንም ስም በሰማሁ ቍጥር የወንጌሉ መጠመቂያ ትዝ ይለኛል፥ በዚያም ውኃው በተናወጠ ጊዜ የሚፈወሰው ቀድሞ የወረደው ብቻ ነበርና።

ያለ መድኃኒትም ቢሆን ቍስሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱ ይድናል። እስከዚያው ድረስ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ማስያዝ፥ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት፥ ሕመሙ ከጠና ፓራሲታሞል መዋጥ፥ ከሚጥሚጣና ከሎሚ መታቀብ ይበቃል። ቅርፊቱን መቅረፍ ክልክል ነው። የጥርስ ሳሙና፥ የተወቀጠ ነጭ ሽንኵርት ወይም አልኮል በላዩ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ የሚያገኙት ትርፍ በቍስል ላይ የተጨመረ ቃጠሎ ነው።

ስለ ዳማከሴ ግን ከዚህ የተለየ ፍርድ አለኝ። በየጓሮው የሚበቅለው፥ በየጉልቱም በእስር የሚሸጠው ይህ ቅጠል ታሽቶ ሲሸተት፥ ጭማቂው በቡና ሲጠጣና ገላ ሲታሽበት የኖረው ለትኩሳቱና ለራስ ምታቱ ነው፤ የአገራችን ተመራማሪዎችም የቅጠሉን ጭማቂ በአይጦች ላይ ፈትነው ትኩሳት የማብረድ ኀይል እንዳለው አሳይተዋል። እንግዲህ እናታችሁ በፍቅር ጨምቃ የሰጠቻችሁን ዳማከሴ አትናቁ። ነገር ግን ቅጠሉ ቫይረሱን ከነርቭ ሥር ይነቅለዋል ብላችሁ አትመኑ፤ ይህን የሚያደርግ መድኃኒት እስከ ዛሬ በየትም አገር አልተገኘም። እጅ ያሸውን ጥሬ ቅጠልም በተከፈተው ቍስል ላይ አትለጥፉ፥ ጭማቂውንም ለጨቅላ ሕፃን አታጠጡ።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ ደርሻለሁ። ቫይረሱ የሚተላለፈው በቍስሉና በምራቅ ንክኪ ነው፤ ምንም ምልክት ሳይታይ የሚወጣበት ጊዜ ቢኖርም፥ እጅግ የሚበረታው ችፍታው ፈንድቶ ውኃው በሚፈስበት ሰሞን ነው፤ ጥንቃቄውም ቅርፊቱ ረግፎ አዲስ ቆዳ እስኪተካ ድረስ መቋረጥ የለበትም። ችግሩ እኛ ኢትዮጵያውያን ፍቅራችንን የምንገልጠው በከንፈርና በእጅ መሆኑ ነው። ጕንጭ ለጕንጭ ሦስትና አራት ጊዜ እንሳሳማለን፤ ሕፃን ባየን ቍጥር አፉን ካልሳምን የወደድነው አይመስለንም፤ እንጐራረሳለን። ጕርሻ እኔም እወድዳለሁ፤ አንድ ጕርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛውን መጨመር ያለ ምክንያት አልተለመደም። ነገር ግን የሚያጐርሰው እጅ የጐረሰውን ሰው ከንፈርና ምራቅ ነክቶ ወደ ጋራው መሶብ ይመለሳል፤ ምች ያለበት ሰውም ቍስሉን በዳበሰበት ጣት ልጁን ያጐርሳል። ስለዚህ ከንፈሩ የቈሰለ ሰው ለዚያ ሳምንት በገዛ ሳህኑ ይብላ፥ አያጕርስም፥ አይጕረስም። የሕፃኑን ገንፎ በራሱ ማንኪያ ቀምሶ የሚያበርድ ወላጅም ይህን ይተው። ብርጭቆ፥ የጥርስ ብሩሽ፥ ፎጣ፥ ምላጭና የከንፈር ቅባት የግል ይሁኑ፤ ምንም እንኳ በዕቃ የሚተላለፈው በመሳም ከሚተላለፈው ቢያንስ፥ በአንድ ጠርሙስ ውኃ አራት ሆናችሁ የምትጠጡ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይህን ልትዘነጉት አይገባም። መድኃኒቱን የቀባችሁበትን እጅ፥ ቍስሉንም የነካችሁበትን፥ ወዲያው በሳሙና ታጠቡ። ባለ ትዳሮችም ብትሆኑ፥ በአፍ ያለው ቍስል ወደ ኀፍረተ ሥጋ ሊተላለፍ እንደሚችል ዕወቁ፤ ከዚህ በላይ ማብራራት ለአረጋዊ አይገባም።

ልማድ አይለወጥም የሚል ሰው ቢኖር፥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን ከተገኘ በኋላ የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ወራት መሳሳም ቢታገድ፥ ብዙ ሰው እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ እጅ በመንሣት ሰላምታ ይሰጥ ነበር፤ ማንም ሰው ተጠላሁ ብሎ አላለቀሰም። ለአንድ ሳምንት ምች ይህን ማድረግ እንዴት ያቅተናል? በቅድስት ማርያም ወይም በሌላ ደብር መስቀል ስትሳለሙም፥ ከንፈራችሁ ቈስሎ ከሆነ ግንባራችሁን ብቻ አስነኩ፤ በረከቱ አይጐድልባችሁም፥ ከኋላችሁ የሚሳለመው ምእመንም ይጠበቃል።

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ አንዱን ብቻ ትይዛላችሁ ብባል፥ የምመርጠው የአራሱን ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን፥ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት፥ ይህን ቫይረስ የሚመክትበት ኀይል የለውም፤ በአዋቂ ከንፈር ላይ ቅርፊት ሆኖ የሚቀረው ነገር ወደ ሕፃኑ ጕበት፥ ሳንባና አንጎል ይገባል፤ በመላ ሰውነቱ ከተሠራጨ በኋላ ሳይታከም የቀረ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፥ የተረፈውም የአንጎል ጕዳት ሊቀርበት ይችላል። እናቲቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ይዟት የነበረ እንደ ሆነ በደሟ ያለው መከላከያ ለልጁ ስለሚተርፈው አደጋው ይቀንሳል፤ በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት አዲስ የሚይዛት ግን ለልጇ እጅግ ያሠጋል፤ ባሏም ምች በያዘው ጊዜ ይህን ያስብ። ከንፈሯ የቈሰለ እናት ማጥባቷን አታቋርጥ፤ እጇን ታጥባ፥ አፏን በጭምብል ሸፍና፥ ሳትስመው ታጥባው፤ ቍስሉ በጡቷ ላይ ከሆነ ግን በዚያ ጡት አታጥባ። በሰፈራችን ገንፎ ተገንፍቶ አራስ ሲጠየቅ የሚመጣው ዘመድ ብዙ ነው፥ ሁሉም ልጁን ተቀባብሎ ይስማል። ወንዱ በ40፥ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ እናትና ልጅ በቤት ተከልለው እንዲቈዩ የሠሩት አባቶች ስለ ቫይረስ ባያስቡም፥ ያ ሥርዐት ለዚህ ጥበቃ የተመቸ ነው፤ አያት ብትሆን፥ አጐት ቢሆን፥ ልጁን ከክርስትናው በፊት አይሳመው ብላችሁ ያለ ሐፍረት ተናገሩ። የሚቀየም አያት ይኖራል፤ ይቀየም።

ሌሎችም ልትጠነቀቁላቸው የሚገቡ አሉ። ችፌ ያለበት ልጅ ቫይረሱ በቆዳው ሁሉ ላይ ሊሠራጭበት ይችላል። ዓይን ሲቀላ፥ ሲያምና ብርሃን ሲጠላ፥ ያውም ከከንፈር ምች ጋራ ሲሆን፥ ከጎረቤት የተዋሱትን ጠብታ ማድረግ ዓይንን እስከ ማጥፋት ያደርሳል፤ ምክንያቱም በአንዳንዱ ጠብታ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ ቫይረሱን ያበረታዋል። አፉ ውስጥ ቈስሎ፥ ምራቁን እያዝረበረበ ምግብና ውኃ እንቢ ያለ ሕፃንም የውኃ ጥም እንዳይጐዳው ፈጥኖ ይታይ። ቍስሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይድን የቈየ ወይም በዓመት ብዙ ጊዜ የሚመላለስበት ሰው ደግሞ ዳማከሴውን አቈይቶ ሐኪም ይጠይቅ፤ የሰውነት መከላከያ የደከመበት ምክንያት ካለ በምርመራ ይገኛልና።

አንድ ወር ያልሞላው ሕፃን ቢያተኵስ፥ ወይም ሰውነቱ ቢቀዘቅዝ፥ ጡት ቢተው፥ ከዕንቅልፉ አልነቃ ቢል፥ ወይም በገላው ላይ ውኃ የቋጠረ ችፍታ ብታዩ፥ ምች ነው ብላችሁ ቅጠል አትፈልጉ፥ እስኪነጋም አትጠብቁ፤ በዚያችው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፥ በቤት ውስጥ ከንፈሩ የቈሰለ ሰው እንደ ነበረም ለሐኪሙ ሳትሸሽጉ ንገሩት።