ንጉሥ ሆኖ ጎተራ መቁጠር

በ2001 የወጣውን «ሲቪላይዜሽን 3» የተጫወተ ሰው ይህችን ሒሳብ አይረሳትም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንዲት ከተማ በየዙሩ 7 የምርት ነጥብ ታወጣለች። አዲስ ከተማ የሚቆረቁር ሰፋሪ ለማዘጋጀት 30 ነጥብ ያስፈልጋል። አራት ዙር ሲያልፍ 28 ይሞላል። በአምስተኛው 7 ሲጨመር 35 ይሆንና ሰፋሪው ይወጣል፤ የተረፈው 5 ነጥብ ግን ለሚቀጥለው ሥራ አይሻገርም፣ እንዲሁ ይባክናል። ነገሩ የገባው ተጫዋች ታዲያ ከአምስተኛው ዙር በፊት ከተማዋን ይከፍትና ደን ላይ የተመደበውን ዜጋ አንስቶ መስኖ ወዳለው መሬት ያዛውረዋል። ምርቱ ይቀንሳል፣ እህሉ ይጨምራል፣ የሚባክነውም ይቀንሳል። በሚቀጥለው ዙር ዜጋውን ወደ ደኑ ይመልሰዋል። ከተማዋ አንድ ስትሆን ይህ ደስ ይላል፤ ጉብዝናም ነው። ከተሞቹ ሃያ ሲሆኑ ግን አንዱን ዙር ለመጨረስ ሃያ በር ማንኳኳት ሊሆን ነው።

ማይክሮማኔጅመንት የሚሉት ይሄንን ነው፤ ልማደኞቹ አሳጥረው ማይክሮ ይሉታል። እጅ እጅ አለን የሚለው ቅሬታ ከስትራቴጂ ጌም እኩል ያረጀ ነው። የሚገርመኝ ግን ቅሬታው አይደለም፣ የሚያማርረው ሰው ሁኔታ ነው። ደሞዝ አይከፈለው፣ አለቃ አይቆጣው፣ ጌሙን በገንዘቡ ገዝቶ፣ እንቅልፉን አጥቶ የሚጠላውን ሥራ ይሠራል። ዜጋውን ባያዛውረው ምን ይመጣበታል? ጥቂት ነጥብ ይባክንበታል፤ የሚያሸንፈውን ጨዋታ እንደሆነ ያሸንፈዋል። ቢሆንም ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ፈላስፋ በርናርድ ሱትስ በ1978 «ዘ ግራስሆፐር» የተሰኘ መጽሐፍ አሳትሟል። በእሱ አተያይ የጎልፍ ተጫዋች ኳሷን በእጁ ይዞ ሄዶ ጉድጓዷ ውስጥ መጣል ይችላል፤ ዱላ ይዞ ከሩቅ የሚመታት አስቸጋሪውን መንገድ ወዶ ስለመረጠ ነው። ያ መንገድ ከሌለ ጨዋታው የለም። እንግዲያው ዜጋን ከደን ወደ መስኖ ማመላለስም ወዶ የተገባበት አስቸጋሪ መንገድ ነው። የጎልፉ ደስ እያለን የዜጋው ለምን ያንገፈግፈናል?

ስለሚደጋገም ነው ማለት አያስኬድም። ገበጣ የሚጫወት ሰው ጠጠሩን አንድ በአንድ ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲያንጠባጥብ ይውላል እንጂ ሰለቸኝ አይልም። መልሱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው የሚለው ይሻላል። ለሰላሳኛ ጊዜ ዜጋ የሚያዛውር ሰው የሚያስበው ነገር የለም፤ እጁ ብቻ ነው የሚሠራው። ይህኛውም ግን ብቻውን አይበቃም፣ «ስታርክራፍት» ያፈርሰዋል።

በ1998 የወጣው «ስታርክራፍት» በአንድ ጊዜ ከ12 በላይ ወታደር መምረጥ አይፈቅድም ነበር። አዲስ የተሠራ ሠራተኛ ሂድና ማዕድን ቆፍር ካልተባለ ባለበት ተገትሮ ይቀራል። መልሱ የታወቀ ነው፤ ሠራተኛ ሥራው መቆፈር ነው። ሆኖም በደቡብ ኮሪያ ስሙ የገነነ ባለሙያ በደቂቃ ከ300 በላይ ትእዛዝ ሲያዥጎደጉድ፣ ተመልካች አዳራሽ ሞልቶ ያጨበጭብለት ነበር። ልዩነቱ እዚያ ሰዓቱ የማይቆም መሆኑ ነው። ሠራተኛውን ለመላክ ዐይንህን ወደ ሰፈር ስትመልስ ግንባር ላይ ያለው ታንክህ ጠባቂ የለውም። እያንዳንዷ ጠቅታ ሌላ ያልተደረገች ጠቅታ ታስከፍላለች። ምን ማድረግ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ የቱን ትቶ የቱን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው፣ ውድድሩም እዚያ ላይ ነው። በ2010 «ስታርክራፍት 2» ሲመጣ የ12ቱ ገደብ ተነሣ፣ ሠራተኛውም በቀጥታ ወደ ማዕድኑ እንዲሄድ ማዘዝ ተቻለ። በዚያው ጌም ግን አዲስ ሥራ ተጨመረ፤ ዘርግ የተባለውን ወገን የያዘ ተጫዋች ንግሥቲቱ እጭ እንድታፈላለት በየጊዜው እየተመለሰ ማዘዝ ነበረበት። የተጫዋቹ ትኩረት የሚሻማበት ነገር ካጣ ጨዋታው እንደሚሳሳ ሠሪዎቹ ያወቁት ይመስለኛል።

በዙር የሚካሄድ ጌም ውስጥ ግን ዙሩ የሚያልቀው ተጫዋቹ ሲፈቅድ ነው። ወርቁ ተቆጥሯል፣ እህሉ ተቆጥሯል፣ ወታደሩ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ ተወስኗል፤ የተጫዋቹ ትኩረት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። ሃያ ከተማ ማየት በጌሙ ሕግ አንድ ከተማ ከማየት አይበልጥም። ዋጋው የሚከፈለው ከጌሙ ውጭ ነው፤ በእንቅልፍ፣ በቀዘቀዘ ሻይ፣ በነገው ሥራ። ትርፉ ደግሞ ጌሙ ውስጥ ይገባል። ሂሳቡ እንዲህ በሁለት ቦታ ሲያዝ፣ ለማሸነፍ የተቀመጠ ሰው ጌሙ ውስጥ ያለውን ብቻ አይቶ፣ ቢቆጥረው የማይከፍለውን ያህል ያወጣል። መሰላቸቱ የሚመጣው ከዚህ ነው ባይ ነኝ።

በ«ሲቪላይዜሽን 3» ሥራ ላይ የተሳተፈውና «ሲቪላይዜሽን 4»ን የመራው ዲዛይነር ሶረን ጆንሰን፣ ተጫዋች ጥቅም ካገኘበት የራሱን ደስታ እየጨመቀ እስከሚያደርቀው ድረስ እንደሚሄድ በ2011 ጽፏል። በ2005 በወጣው ጌሙም ያደረገው ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ያ የተረፈ 5 ነጥብ ወደሚቀጥለው ሥራ እንዲሻገር አደረገ፤ በቃ። ዜጋ ማዛወር አልተከለከለም፣ ጥቅሙ ብቻ ጠፋ። ሠራተኞች በየሜዳው እየዞሩ ያጸዱት የነበረው ብክለትም ቀርቶ በከተማዋ የጤና ሚዛን ተተካ። ለእኔ ከሁሉም መድኃኒት ንጹሑ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ተጫዋቹ ላይ ምንም አይጭንም፤ ነገሩን ሲተወው እንኳ የሚቆጨው የለም።

ብዙዎቹ ሠሪዎች የሄዱበት መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ሥራው ከሰለቸህ ለኮምፒውተሩ ስጠው የሚል። የዚህ መንገድ አሳዛኝ ምሳሌ በ2003 የወጣው «ማስተር ኦፍ ኦራየን 3» ነው። የ1993ቱ የመጀመሪያው ጌም ለእያንዳንዷ ፕላኔት አምስት መስመሮች ብቻ ሰጥቶ፣ ምርቱን ለመርከብ፣ ለመከላከያ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለአካባቢና ለምርምር አከፋፍሉ ይል ነበር። የ1996ቱ ሁለተኛው ደግሞ በእያንዳንዱ ሰፈር ሕንጻ በሕንጻ አስቆጠረ። ሦስተኛው ይህን ሁሉ አንስቶ ለእንደራሴዎች ሰጠ፤ እንደራሴውም ተጫዋቹ ያዘዘውን እየቀየረ የመሰለውን ይሠራ ጀመር። ጌሙ ራሱን የሚጫወት ሆነ ተብሎ ተወቀሰ። ከዚያ የባሰው ግን እንደራሴ መኖሩ ሥራ አለማስቀረቱ ነው። እንደራሴው ሲሳሳት ይታያል፤ ማየት ደግሞ አሁንም በነጻ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ድሮ ይሠራው የነበረውን ትቶ ሲቆጣጠር ይውላል። ሥራው ቢሰለችም የሥራ መልክ ነበረው፤ የሰነፍ ሹም ስህተት ማረም ያም የለውም። የ«ሲቪላይዜሽን 4» የምርጫ ገጽ ላይ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩት ሠራተኞች የቆየውን ልማት እንዳይነኩ የምታዝ ሣጥን አለች። ያች ሣጥን ስንት ተጫዋች እርሻው ፈርሶ ሌላ ነገር ተሠርቶበት እንደተንጨረጨረ ትናገራለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የዚሁ ጌም የ2007 ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያን ሲያስገባ በመሪነት ያስቀመጠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን ነው። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ንጉሥ ሹማምንትን ባለማመን የታወቁ ነበሩ፤ አውራጃዎቹን ለገዛ ሴቶች ልጆቻቸው እስከመስጠት ደርሰዋል። እንዲያም ሆኖ መሾም አልቀረላቸውም። ከደብረ ብርሃን ተቀምጦ የሩቅ ጎተራ የሚያይ ዐይን አልነበረማ! ጌሙ ላይ እሳቸውን ሆኖ የሚጫወት ሰው ግን ያ ዐይን አለው፤ በአንድ ጠቅታ የትኛውም ጎተራ ውስጥ ይገባል። ንጉሥ ነህ ተብሎ የጎተራ ጸሐፊ ሥራ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የማያየውን ነገር አምኖ መተው የመንግሥት ግማሹ ሆኖ ሳለ ጌሙ ያንን ግማሽ አውጥቶ ጥሎታል።

ለኮምፒውተር መስጠት ሁልጊዜ ይከሽፋል አልልም። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» በ1999 ሲወጣ፣ 60 እንጨት የወጣበት እርሻ ሲያልቅ መንደርተኛው እጁን አጣጥፎ ይቆም ነበር፤ ተጫዋቹ ጦርነቱን ትቶ መጥቶ እንደገና ያዘራል። በ2000 የመጣው ተጨማሪ ክፍል ወፍጮ ቤቱ ላይ አስቀድሞ ከፍሎ ወረፋ ማስያዝ ፈቀደ፤ የ2019ኙ እትም ደግሞ እንጨቱ እስካለ ድረስ እርሻው ራሱ እንዲታደስ አደረገ፣ የፈለገም ሊያጠፋው ይችላል። ይህኛው የሰመረው ኮምፒውተሩ ምንም ስለማይወስን ነው። ውሳኔው የተጫዋቹ ነው፣ 60ው እንጨትም ይከፈላል፤ የቀረው የእጅ ድካም ብቻ ነው። እርሻን በጊዜው ማዘራት እንደ አንድ ችሎታ ይቆጠር ነበርና ቅር የሚለው ተጫዋች ይኖራል። ችሎታ መሆኑን አልክድም፤ ግን ዐይንን ወደ ሰፈር የሚጠራ ሌላ ብዙ ነገር አለ።

የኮምፒውተር ጌም ከመምጣቱ በፊት የነበሩት ደግሞ ጉዳዩን በሌላ በኩል ይዘውታል። በአገራችን ሰንጠረዥ የመክፈቻው ምዕራፍ ወረራ ይባላል። ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። ጠጠር ሲበላ ተራ መጠበቅ ይጀመራል። ለአሰላለፍ ተራ እየጠበቁ አንድ አንድ እርምጃ መግፋት ቀርቷል፤ ተራ የሚቆጠረው መነካካት ሲመጣ ነው። ፕሩሲያዊው መኮንን ራይስቪትስ በ1824 ያሳተመው የጦርነት ጨዋታ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ተጫዋቹ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጦር በእጁ አይነካም፤ ትእዛዙን በወረቀት ጽፎ ለዳኛው ይሰጣል፣ የሚያንቀሳቅሰው ዳኛው ነው። እያንዳንዱን ሻለቃ እየጎተተ ላሳምር ቢል መንገድ የለውም። ከኮምፒውተር ጌሞችም በ2000 የወጣው «ማጀስቲ» እንዲሁ ጀግኖችን ማዘዝ ከልክሎ ባንዲራ ተክሎ ሽልማት ማስቀመጥ ብቻ ፈቅዷል፤ ጀግናው ካማረው ይመጣል፣ ካላማረው መጠጥ ቤት ይገባል።

ጥቃቅኑን ሥራ ጨርሶ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ይዞ ይሄዳል። በጨዋታው መጀመሪያ ሰፋሪን አንዲት እርምጃ ወደ ወንዙ ማስጠጋት የቀጣዮቹን ሰዓቶች ዕጣ የሚወስን ምርጫ ነው፣ ልብ ያስመታል። ከሁለት መቶ ዙር በኋላ ያችው እርምጃ አቧራ ናት። ጠቅታዋ አልተለወጠችም፤ ግዛቱ አደገ፣ የሰውየው ትኩረት ግን ባለበት ቀረ። በ2016 «ሲቪላይዜሽን 6» መሬት የሚያለሙትን ሠራተኞች ግንበኞች ብሎ ሦስት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚሠሩ አደረጋቸው፣ በ2025 «ሲቪላይዜሽን 7» ጭራሽ አስወጣቸው፤ ከተማዋ ስታድግ መሬቱ ራሱ ይለማል። ለኋለኛው ዘመን እፎይታ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ዙሮች ግን የደኑን ጥግ ጥጉን ይዞ ስንቅ እንዳለው መንገደኛ የሚሄደው ያ አንድ ሠራተኛ ይናፍቀኛል። ችግሩ የነበረው በኋለኛው ዘመን ሆኖ ሳለ ቅጣቱ መጀመሪያው ላይም አረፈ።

ጆንሰን ራሱ በኋላ የሠራው «ኦልድ ወርልድ» መጀመሪያውንም ኋለኛውንም ዘመን እኩል አይቷል ብዬ አምናለሁ። እዚያ ትእዛዝ ራሱ እንደ ወርቅና እንደ እህል ተቆጥሮ የሚሰጥ ሀብት ነው። ወታደር ማንቀሳቀስም፣ ሠራተኛ ማሠራትም ከአንድ ቋት ይወጣል፤ የንጉሡ ተቀባይነት ከፍ ሲል ቋቱም ይሰፋል። ጥቂት ሰው ባለበት መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ይዳረሳል፣ ስለዚህ ያ የሰፋሪው እርምጃ ክብሩ አልተነካም። ግዛቱ ሲሰፋ ደግሞ አይዳረስም። ሦስት ሠራተኛ ቆመው ከዋሉ ንጉሡ ትእዛዙን ለግንባሩ ስላዋለው ነው፤ የረሳቸው የለም። ትኩረት በመጨረሻ መዝገብ ላይ ገባች።

የሚቃወሙት አሉ፣ ነጥባቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ የቀረችን ትእዛዝ የትኛው ወታደር ላይ ባወጣት ያዋጣል እያሉ መቁጠርም ራሱን የቻለ ማይክሮ ነው። ሁለተኛ፣ ጤነኛ ወታደር ጠላት አጠገቡ ቆሞ እያየ አትንቀሳቀስም መባል ያናድዳል፤ የቦርድ ጨዋታ ሕግ እንጂ የጦርነት አይመስልም። የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ግን ይሄኛው ቆጠራ መቆሚያ አለው፤ ቋቱ ሲያልቅ ያልቃል፣ የቀረው ከተማ ቢከፈትም የሚደረግ ነገር የለምና ማንም ተመላልሶ አይከፍተውም። በሁለተኛው ግን አልስማማም። የ1824ቱ ተጫዋችም ወረቀቱን ለዳኛው ከሰጠ በኋላ ወታደሩ ሲሳሳት ቆሞ ያይ ነበር፤ እንደሱ ተናድጄ ዙሩን ባልፍ ደስ ይለኛል።