ጠያቂ የሌለው ውሻ ቢታመም

በአዲስ አበባ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በነጻ መከተብና ማከም ይገባል ሲባል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። «ሰው በየደጀ ሰላሙ ወድቆ ለውሻ ሐኪም?» ይላል። ጥያቄው የክፋት አይደለም። የነዳያን መድኃኒት መግዣ ለውሻ ዋለ ቢባል ማን ደስ ይለዋል?

ዳሩ ግን ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። በእብድ ውሻ በሽታ ከሚሞቱ 100 ሰዎች 99ኙን ያህል በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በመርዝ መግደሉማ በከተማችን ለዓመታት ተሞክሯል፤ የሞቱትን ቦታ ያልተከተቡ ሌሎች ይይዙታል፣ በሽታውም አልጠፋም። እንግዲህ የውሻው ክትባት የነዳዩም ጠባቂ ነው፤ ሌሊት ከውሻ ጋር ጎዳና ላይ የሚያድረው እሱ አይደለምን?

ይህ ብቻ ቢሆን ጉዳዩ የጤና ጥበቃ እንጂ የምሕረት ባልሆነ ነበር። መኪና ገጭቶት እግሩ የተሰበረው፣ እከክ የጨረሰው ውሻስ? እሱን ማከም ለማን ይጠቅማል? ለእኔ የሚከብደው ይኼኛው ነው። በጾመ ነነዌ የምናስበውን ታሪክ አስታውሱ፤ ከሰዎቹ ጋር ከብቶቹም ጾመዋል፣ ማቅም ለብሰዋል። ዮናስ ከተማይቱ ባለመጥፋቷ ሲያዝን፣ እግዚአብሔር ስለምን እንደራራላት ሲነግረው ከ120,000 በላይ ከሆኑት ሰዎች ቀጥሎ እንስሳቱን ጠቀሰ። ምን ይጠቅሙኛል ብሎ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23ም ከሸክሙ በታች የወደቀ የጠላት አህያ እንኳ እንዲረዳ ታዟል። አህያው ስለ ጠላትነቱ ምን ያውቃል!

«ውሻ ቤተ መቅደስ አይገባም» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው፣ ሥርዓት ነው። ከደጅ ውጭ የተኛውን በድንጋይ መፈንከት ግን ከየት የመጣ ሥርዓት ነው?

ሰው ይቅደም፤ በዚህ አልከራከርም። በጾም ከሥጋና ከወተት የተረፈው ገንዘብም የነዳያን ነው፤ ከዚያ ይቀነስ አላልኩም። ሐኪሞች በነጻ ሊከትቡ ሲመጡ ግን የሰፈሩን ውሻ የሚያውቁት ፍርፋሪ የሚሰጡት እማማና ዘበኛው እንጂ ሐኪሙ አይደለም። ጠርቶ፣ አባብሎ መያዝ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰው ከተነከሰ ደግሞ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ነው። ጠበሉን የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ክትባቱን ግን አይተው።