የእትዬ አልማዝ በር

በኮልፌ ሁለት በያጆች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። ደረጀ እጁ ፈጣን ነው፤ ጠዋት የታዘዘውን ማታ ያስረክባል። አስፋውም ሥራ ይችላል፤ ግን ከመጀመሩ በፊት ጉድ ጉድ ማለት ያበዛል። ደንበኛ የሚበዛው ታዲያ ደረጀ ዘንድ ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት እትዬ አልማዝ መጡ። ቤት እያሠሩ ነው።

«ልጆቼ፣ የግቢዬ በር ሁለት ክንፍ ነው። አንዱን አንተ ሥራ፣ አንዱን አንተ። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤቱ ድረስ አምጡልኝ። 24ቱን መስኮት የወደድኩት ሰው ይሠራዋል» አሉ።

እትዬ አልማዝ ከሰፈሩ ሳይወጡ ደረጀ ማሽኑን ሰካ። ረዳቱ ቢንያም በእጅ የሚያዘውን ማስክ ከምስማሩ ሊያወርድ ሲንጠራራ፣

«ተወው፣ አንድ እጄን ይይዝብኛል። ዓይኔን ጨፈን እያደረግሁ እበይዳለሁ» አለው።

«እኔስ ጋሼ?»

«አንተ ፊትህን አዙር።»

ቢንያም ፊቱን አዞረ። ነገር ግን ስኳድራውን የያዘው እሱ ነው፤ ማዕዘኑ ቢዛነፍ የሚቆጡት እሱን ነው። ስለዚህ በየመሀሉ ሰረቅ እያደረገ ያያል። ኤሌክትሮዱ ብረቱን በነካ ቁጥር ነጭ ብርሃን ቦግ ይላል። ደረጀም ቢሆን የሚጨፍነው ብርሃኑ ዓይኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ነበር። ሁለቱንም ምንም አላመማቸውም። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ክንፉ አልቆ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆመ።

ከቆርቆሮው ወዲያ የአስፋው ሥራ ገና ጅምር ነው። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስላደረ ጠዋት ውሃውን ጠርጎ ደረቅ ጣውላ አነጠፈ። ማሽኑን ሳይሰካ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው፤ አንድ ቦታ ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ሲታይ አገኘና ገመዱን ቀየረ። የረጠበውን ጓንት ጥሎ ደረቁን አጠለቀ። ረዳቱ ሙሉቀን ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጋሼ፣ እነ ደረጀ እኮ ግማሽ ደርሰዋል። ማሽናችን የሚያወጣው ደግሞ 80 ቮልት ነው፤ የሶኬቱ እንኳ 220 ነው።»

«80 ትንሽ የሚሆነው ለደረቀ ሰው ነው» አለ አስፋው። «እርጥብ ጓንት አጥልቆ እርጥብ መሬት ላይ ለቆመ ሰው ግን ለመሞቻ ይበቃዋል።»

ቀጥሎ ማስኩን አነሳ። 11 ቁጥር ጥቁር መስታወት የተገጠመለት፣ ራስ ላይ የሚጠለቅ ነው። ያለውም አንድ ብቻ ነው። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና ሙሉቀን ራስ ላይ አጠለቀው።

«እርስዎስ?»

«ልዋስ እሄዳለሁ።»

ሄዶ ለመመለስ አንድ ሰዓት ፈጀበት። ሲመለስ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምትሸጠው ልጅ ፊቷን ወደ እነሱ አዙራ ተቀምጣ አየ። በመንገዱ በኩል ወፍራም ሸራ ጋረደ። የእሱ ክንፍ ያለቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው።

እኩለ ሌሊት ገደማ ደረጀ ከእንቅልፉ ባነነ። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተሞላ መሰለው። ቢያሸው ባሰበት። እንባው ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ የአምፖሉ ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋዋል። እናቱ ድንች ቀጭን አድርገው ቆርጠው ለጠፉለት። እንዲሁ ሲገላበጥ ነጋ። በዚያው ሌሊት ቢንያምም በቤቱ እናቱን ሲጣራ አደረ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱ ክንፎች ደረሱ። ደረጀ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ፣ የእህቱን ክንድ ይዞ መጣ። እትዬ አልማዝ ክንፎቹን አገላብጠው አዩ። የአንዱ ብየዳ ከሌላው አይለይም።

«ሁለቱም ግሩም ነው። ለፈጠነው ልስጥ መሰለኝ» አሉና ሜትሩን ለደረጀ ዘረጉለት። «በል፣ መስኮቶቹን ለካልኝ።»

ደረጀ ሜትሩን በዳበሳ ከመስኮቱ ጠርዝ ወደ ታች ዘረጋው። ዓይኑን ሊገልጥ ሞከረ፤ የጠዋቱ ብርሃን መልሶ አስጨፈነው።

«ስንት አለ?»

ዝም።

«ስንት አለ፣ ልጄ?»

«እትዬ፣ ቁጥሩ አይታየኝም።»

«እንግዲያስ ረዳትህ ይንገረኝ።»

«እሱም ዓይኑን ታሞ ተኝቷል።»

እትዬ አልማዝ ኮፍያውን ቀና አድርገው ያበጠ ዓይኑን አዩ። ሜትሩን ከእጁ ወስደው ለሙሉቀን ሰጡት። ልጁ ዘርግቶ «ቁመት 1 ሜትር ከ40! ወርድ 1 ሜትር ከ20!» እያለ ይጠራ ጀመር። ቀብዱ ለአስፋው ተቆጠረ።

አስፋው ገንዘቡን ለሁለት ከፈለው።

«እትዬ፣ 24 መስኮት ለእኔ ይበዛብኛል። 12ቱን ደረጀ ይሥራው። ግን ሁለት ማስክ ይዞ ይምጣ።»

ከዚያ ደረጀን እየመራ፣ በመንገድ ቢንያምንም ከቤቱ ይዞ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ሐኪሟ መረመረቻቸው።

«የዓይናችሁ የላይኛው ስስ ሽፋን ተቃጥሏል። ጨረሩ ነው። በመድኃኒቱ በአንድ ሁለት ቀን ይሻላችኋል፤ ድንቹን ግን ተዉት» አለች።

«ስንሠራ እኮ ምንም አላመመንም» አለ ቢንያም።

«በዚያ ሰዓት አያምም። ሕመሙ የሚመጣው ሰዓታት ቆይቶ ነው፤ በያጅ ሁሉ የሚታለለው በዚህ ነው።»

በሳምንቱ ደረጀና ቢንያም መሣሪያቸውን ተሸክመው እትዬ አልማዝ ግቢ ደረሱ። ደረጀ መሬቱን በጫማው ነካ ነካ አድርጎ ደረቅ ቦታ መረጠ። ገመዱን ዳሰሰ። ለቢንያም አዲሱን ማስክ አጠለቀለት፤ የራሱንም ግንባሩ ላይ አደረገ። እትዬ አልማዝ ሥራውን ሊያዩ በርጩማቸውን ይዘው ወጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ደረጀ ማሽኑን ሊሰካ ጎንበስ ካለበት ቀና አለ። ወደ ጆንያው ሄዶ ሌላ ማስክ አወጣ።

«አስፋው ሁለት ብሎህ አልነበር እንዴ? ይኼ ሦስተኛው የማን ነው?» አሉት።

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ። ተቀምጠው የሚያዩ ከሆነ ያጥልቁት፤ ካልሆነ ወደ ቤት እስኪገቡ ሥራ አልጀምርም።»