ለሰርቪስ አስቀድሞ መክፈል፦ የምንገዛው ሥራ ነው ወይስ ከስጋት መገላገል?



ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከጎሮ እስከ ሰሚት፣ ሲኤምሲና አያት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ከሰላት በኋላ ይዛችሁልኝ የምትመጡት ጥያቄ ተለውጧል። ቀድሞ የሚበዛው "በወለድ ብድር መኪና ልግዛ ወይ?" የሚለው ነበር። አሁን ደግሞ እንዲህ የሚል መጥቷል፦ "መኪናውን አልሐምዱሊላህ ገዝቻለሁ፣ የኤሌክትሪክ ነው። ጋራዡ የሁለት ዓመት ሰርቪስ በአንድ ጊዜ ክፈልና ከሐሳብ ተገላገል ይለኛል። ይቻላል ወይ ኡስታዝ?"

ጠያቂው የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው፤ ሐላል ወይም ሐራም። እኔ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን አሳየኝ ነው የምለው። በአንድ ስምና በአንድ ዋጋ ተጠቅልለው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። አንዱ ሥራ ነው። ሌላው ከስጋት መገላገል ነው። ሥራን አስቀድሞ ከፍሎ መግዛት ይቻላል። ከስጋት መገላገልን ከጋራዥ መግዛት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስጋቱ እንዲሁ ከሜዳ አልመጣም። በጥር 2016 መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ፤ ሰዉም ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ። ዛሬ ቦሌ መንገድ ዳር ቆም ብላችሁ ብትመለከቱ ቢዋይዲውም፣ አይዲ 4ቱም፣ አይዲ 6ቱም ያልፋል። አይዲ 6 ቮልስዋገን ለቻይና ገበያ ብሎ እዚያው ቻይና የሠራው መኪና ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሰው በግል አስመጪዎች በኩል ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪው የ8 ዓመት ወይም የ160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ዋስትናው ግን መኪናው ለተሸጠበት ገበያ የተሰጠ ስለሆነ፣ በዚህ መንገድ ከመጣ መኪና ጋር አብሮ ባሕር አይሻገርም። ስክሪኑ ቻይንኛ የሚያወራ መኪና ይዞ "ቢቆምብኝ ማን ጋ እሄዳለሁ?" የሚል ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ የሚገባው ደግሞ በዶላር ነው። "ዛሬ ከፍዬ ልገላገል" የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የተወኩል ማነስ አድርገው የሚወቅሱ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ እኔ አልስማማም። ንብረቱን መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ሰበቡን እያደረሰ ነው።

እስቲ መኪናው ምን እንደሚፈልግ እንይ። የሞተር ዘይት የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ የነዳጅ ፊልትሮ የለውም። የፍሬን ሸራው እንኳ ቶሎ አያልቅም፤ እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ እንደ ጀነሬተር ሆኖ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪው ይመልሳል። የሚቀረው የውስጥ አየር ፊልትሮ፣ በየሁለት ዓመቱ ገደማ የሚቀየር የፍሬን ዘይት፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ ኩላንት፣ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪና በኮምፒውተር የሚደረግ ምርመራ ነው። ጎማና አሞርዛተር ግን ይጎዳሉ። ባትሪው መኪናውን ያከብደዋል፣ የየሰፈራችን ኮብልስቶንና ጉድጓድም የታወቀ ነው። ታዲያ ብዙ ጥቅል ውሎች ላይ ጎማና አሞርዛተር "አይጨምርም" ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ቴስላ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 መኪኖቼ በየዓመቱ መደበኛ ሰርቪስ አያስፈልጋቸውም ብሎ አስቀድሞ የሚከፈለውን የሰርቪስ ጥቅል መሸጥ አቁሟል። ይህን የምለው ሰርቪስ አታስደርጉ ለማለት አይደለም፤ ከቤንዚን መኪና ዘመን በለመድነው ግምት ዋጋ እንዳንከፍል ነው።

ወደ ሸሪዓው ስንመጣ፣ አስቀድሞ መክፈል በራሱ ነውር የለውም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ገና ላልደረሰ ፍሬ የአንድና የሁለት ዓመት ክፍያ አስቀድመው ይሰጡ ነበር። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ባወሩት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ይህን ንግድ አልሰረዙትም፤ መስፈሪያው፣ ሚዛኑና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን አዘዙ እንጂ። ፉቀሃዎቹ ይህን ውል ሰለም ይሉታል፤ ከሰላምታው ጋር አይምታታባችሁ። የመኪና ሰርቪስ ፍሬ ሳይሆን የሰው ሥራ ስለሆነ የሚገባው ኢጃራ ውስጥ ነው። ሁለቱንም የሚያስተሳስራቸው ግን ያው መታወቅ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1998 ባሕሬን፣ ማናማ ላይ ባደረገው 11ኛ ጉባኤው የጥገናን ውል ለብቻው አይቶታል። ሥራውና ክፍያው ከታወቀ፣ ጠጋኙ ከራሱ የሚያወጣው ዕቃም ሰው ከሒሳብ የማያስገባው ጥቃቅን ነገር ከሆነ፣ ውሉ የሥራ ኪራይ ነው፣ ይፈቀዳል የሚል ነው የውሳኔው ፍሬ ነገር።

አሁን ወረቀቱን ዘርጉና እርሳስ አንሱ። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እኔ ልፍጠረው። ጋራዡ ለሁለት ዓመት 60 ሺህ ብር ጠየቀ እንበል። በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ትገባላችሁ፣ በየጊዜው የሚሠራው ተዘርዝሯል፣ ያንኑ ሥራ ሳትዋዋሉ ብታስደርጉት በእያንዳንዱ 5 ሺህ ያስከፍላል። ይህ 40 ሺህ ነው። ከሥሩ ስመሩበት፤ የታወቀ ሥራ ነው። የቀረው 20 ሺህ የምን ነው? መካኒኩን ብትጠይቁት "ድንገት ቢበላሽ እኛ አለን" ይላችኋል። ስንት ጊዜ ይበላሻል? አይታወቅም። ምን ይበላሻል? አይታወቅም። ዕቃው ይገኛል? እሱም አይታወቅም። አንድም ቀን ላይበላሽ፣ ጋራዡ 20 ሺህ በነፃ ሊያገኝ ይችላል። ወይም የቻርጀሩ ክፍል ተቃጥሎ ጋራዡ የተቀበለውን እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። አንዳችሁ የምታተርፉት ሌላው ሲጎዳ ብቻ ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ባወሩት፣ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የተከለከለው የገረር ሽያጭ ይህን ይመስላል።

ገረር ሁሉ ውል ያፈርሳል ማለት ግን አይደለም። ኢማሙ ነወዊ በሶሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው የሐማምን ምሳሌ ያነሳሉ። ሰዎች እኩል ከፍለው ይገባሉ፣ አንዱ ብዙ ውሃ ያፈሳል ሌላው ጥቂት፣ አንዱ ይቆያል ሌላው ቶሎ ይወጣል፤ ከመለየቱ ችግር የተነሳ ዑለማዎች ትተውታል። ሰርቪስ ላይም አምፖልና ፊዩዝ ቢጨመርበት፣ "መንገድ ላይ ብትቆም መጥተን እንስባለን" ቢባል፣ እኔ ከሐማሙ ውሃ ነው የምቆጥረው። የከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪውና ኢንቨርተሩ ግን ውሃ አይደሉም፤ የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ክፍል የያዙ ናቸው። አካዳሚው "ጥቃቅን" ያለው እነሱን ሊሸፍን አይችልም። ሽያጭ ላይ የተጨመረ ዋስትና ጉዳዩ ይለያል፤ መኪናውን የሸጠላችሁ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እጠግናለሁ ቢል የሸጠውን ዕቃ ደኅንነት እየተሸከመ ነው። እዚህ የምናወራው መኪናውን ስላልሸጠ ጋራዥ ነው።

ሌላው እርሳስ የሚያስፈልገው ቦታ "ያልተጠቀሙበት ሰርቪስ ጊዜው ሲያልፍ ይቃጠላል" የሚለው መስመር ነው። ሰው እንደ ሞባይል ካርድ ስለለመደው አይቶ ያልፈዋል። በመድረሳ ኪታቡል ኢጃራን የቀራችሁ የአጂር ኻስንና የአጂር ሙሽተረክን ልዩነት ታስታውሳላችሁ። ለአንድ ሰው ብቻ የተቀጠረ ሠራተኛ፣ የቤት ሾፌር እንበል፣ ጊዜውን ለአሠሪው ስለሰጠ መኪናው ባይነሳም ደመወዙ ይገባዋል። ለሁሉ የሚሠራው፣ እንደ ልብስ ሰፊውና እንደ ጋራዡ ያለው፣ ክፍያ የሚገባው በሠራው ሥራ ነው። እናንተ ባልመጣችሁበት ቀን መካኒኩ የሌላ ሰው መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፣ ከዚያም ተከፍሎታል። ታዲያ የእናንተ የሚቃጠለው በምን ሒሳብ ነው? ውሉ ላይ ፈርማችኋልና አበቃ የሚል መልስ አለ። እኔ ግን ጋራዡ የሙሽተረክ ሥራ እየሠራ የኻስ ደመወዝ እየጠየቀ ነው እላለሁ። ይህ መስመር እንዲወጣ፣ ካልሆነም ቀሪው ወደ ገንዘብ እንዲመለስ ተደራደሩ።

ራይድ የምትሠራው ወንድሜ፣ ላንተ ነገሩ ትንሽ ይለያል። መኪናህ አንድ ቀን ጋራዥ ከዋለ የዚያን ቀን እንጀራ የለም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "ባመጣህ በ24 ሰዓት ውስጥ ተራ ታገኛለህ" የሚል ካለ ለሱ ገንዘብ መጨመርህ ስጋት መግዛት አይደለም። ተራ የታወቀ ጥቅም ነው፣ ሊለካ ይችላል። እንደ ሥራህ ብዛትም በሁለት ዓመት ስምንት ጊዜ መግባትህ የማይቀር ሊሆን ይችላል። በሳምንት ሁለት ቀን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ የምትመልስ እህት ግን በዚያው ዋጋ ያንኑ ውል ብትፈርም ግማሹን አትጠቀምበትም። እያንዳንዷን በደረሰኝ ብትከፍል ይሻላታል።

ገንዘቡ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጋራዡ ባለዕዳችሁ ነው፤ ዕዳው ብር ሳይሆን ሥራ መሆኑ ዕዳነቱን አይቀንሰውም። ከቁርኣን ረጅሟ አያ የዕዳ ውል እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት የምታዝዘው ናት። ጃቢር (ረ.ዐ) ባወሩት፣ ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ፍሬውን የሸጠ ሰው ፍሬው በመቅሰፍት ቢጠፋ ከገዢው ምንም ሊወስድ አይገባውም፤ የወንድሙን ገንዘብ በምን መብት ይወስዳል ነው ነገሩ። ጋራዥም መቅሰፍት ይደርስበታል። የቦሌ ኪራይ ጨምሮበት ግቢውን ይለቃል፣ ብቸኛው ባለሙያ ሌላ ቦታ ይቀጠራል፣ ዕቃው ጉምሩክ ይቆያል። በሠለጠነው ዓለምም አለ። ፊስከር የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ሲገባ የገዙት ሰዎች መለዋወጫና ሰርቪስ ከማን እንደሚያገኙ ግራ ገብቷቸው ነበር። ስለዚህ ጋራዡ ቢዘጋ ወይም ቦታ ቢቀይር ያልተሠራው ሥራ ገንዘብ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚመልሰው በስም ይጻፍ። የሁለቱን ዓመት በአንዴ ከመክፈል በየስድስት ወሩ መክፈልም ስጋቱን ወደ ሩብ ያሳንሰዋል፤ ጋራዡ እምቢ ካለ ምክንያቱን ጠይቁ።

የትልቁ ብልሽት ስጋትስ የት ይሂድ? ተካፉል እዚህም ተጀምሯል፤ ባብዛኛው የሚሸፍነው ግን አደጋን እንጂ ድንገተኛ ብልሽትን አይደለም። እኔ የምመክረው በደንብ የምናውቀውን ነው፦ ዕድር። አንድ መስጂድ የሚሰግዱ፣ አንድ ዓይነት መኪና የሚነዱ ሃያ ሰዎች በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጡ፣ ባትሪው ወይም ኢንቨርተሩ የተበላሸበት ከዚያ ይረዳ። እዚህም ማን እንደሚያገኝና ማን እንደማያገኝ አይታወቅም። ግን ሽያጭ ሳይሆን ልግስና ስለሆነ፣ በልግስና ላይ ገረር እንደማይጎዳ በተለይ የማሊኪያ ዑለማዎች ያስተምራሉ፤ ተካፉልም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ያ 20 ሺህ እዚያ ቢገባ፣ መኪናችሁ ባይበላሽ እንኳ ለወንድማችሁ ይደርሳል።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ደግሞ አላችሁ። ውል ውል ነው፣ ገንዘቤን አምጣ ብላችሁ በር አታንኳኩ። ሄዳችሁ ኢቃላ መጠየቅ ግን ትችላላችሁ፤ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ውሉን ማውረድ ማለት ነው። ይህን የምታነቡ ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞች፣ የተጸጸተን ገዢ ከውሉ የለቀቀ ሰው አላህ ከስህተቱ እንደሚለቀው የሚናገረውን የአቡ ዳውድ ዘገባ ታውቁታላችሁ። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ የተሠራውን ቀንሱና የቀረውን መልሱለት፤ የሁለት ዓመቱን ውል በየስድስት ወሩ ልቀይረው ካላችሁም ደብተራችሁ አይከብደውም።

ወላሁ አዕለም።