የታሰረችው ዶሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን ትተን ኀምሳ አምስቱን ቀን በምንጾምበት በዐቢይ ጾም ስለ ዶሮ ማንሣቴ አይግረማችሁ። የማወራው ገና በሕይወት ስላለችው ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሐሙስ ዕለት ገበያ ወጥቼ አንዲት ዶሮ ገዛሁ። እግሯን ጠፍረው ሰጡኝ፤ እንደ ሰዉ ሁሉ ዘቅዝቄ አንጠልጥዬ ወሰድኳትና ማድ ቤት አሰርኳት። በማግስቱ ስቅለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስሰግድ ዋልኩ፤ ጌታ በመስቀል ላይ ስለ መጠማቱ ሲነበብ እንባዬ ወረደ። ማታ ቤት ስገባ ዶሮዋ ምንቃሯን ከፍታ ታለከልካለች፣ ገመዱ እግሯን አቁስሏታል። ለካ ውኃ እንኳ አላስቀመጥኩላትም! በጣሳ ባቀርብላት አጠጣጧን አይቼ የቆጠርኩት ስግደት ሁሉ ጠፋብኝ።

ዶሮ ላብ የላትም። ሙቀቷን የምታበርደው በማለክለክ ነው፤ ለዚያም ውኃ ያስፈልጋታል። እንደ እኛ ደረትና ሆዷን የሚለይ ዲያፍራም ስለሌላት ደግሞ ስትዘቀዘቅ የሆድ ዕቃዋ ሳንባዋ ላይ ይጫናል። ጸጥ ስትል ተመችቷት ይመስለናል እንጂ በፍርሃት ደንዝዛ ነው።

ቀዳም ስዑር ካህናት የሚያድሉንን ቀጤማ ራሳችን ላይ የምናስረው የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሰረችውን የኖኅን ርግብ አስበን ነው። ኖኅም እኮ ወፎችን ዘግቶ ያቆየ ሰው ነው። ግን መርከቡ ሳይዘጋ እግዚአብሔር ለእርሱም ለእነርሱም የሚሆን መብል እንዲሰበስብ አዘዘው (ዘፍ. 6፥21)። ርግቧ ማረፊያ አጥታ ስትመለስ እጁን ዘርግቶ ተቀበላት (ዘፍ. 8፥9)። ምድር ስትደርቅም ሁሉም ወጡ። የእኛዋ እንደማትወጣ አውቃለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ መብላቱም አልተከለከለም። ቀለቧና ውኃዋ ግን በያዛት ሰው ላይ ዕዳ ነው።

«ነገ ለምትታረድ ዶሮ ውኃ ምን ይሠራላታል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። እስቲ ሉቃስ 12፥6ን አውጥታችሁ አንብቡ። ጌታችን በእግዚአብሔር ዘንድ አንዲቱም አትረሳም ያላቸው ድንቢጦች በሰማይ የሚበሩት አይደሉም፤ ገበያ ላይ በጥቂት ሳንቲም የሚሸጡት ናቸው። ተይዘዋል፣ ዋጋ ወጥቶባቸዋል፣ እንግዲህ ያለቀላቸው ናቸው። እርሱ ግን እነርሱን ነው የጠራው።

(የወፍ ጫጩት በክር አስረው ለሚጫወቱ ልጆቻችንም ዘዳግም 22፥6ን ብናነብላቸው ደግ ነው፤ ጎጆዋ ላይ ያለችን እናት ወፍ ስለ ማዳን ይናገራል።)

ታዲያ ዘንድሮ ገበያ ስትወጡ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ያዙ፤ ከሌለ ክንፏን ሰብስባችሁ ቀና አድርጋችሁ እቀፏት። ቤት ስትደርሱ እግሯን ፍቱላት፣ ጥላ ቦታ ዝጉባት፣ ጥቂት እህልም በትኑላት። ውኃውን ልጆቻችሁ ይስጧት፤ ዓርብ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመውጣታችሁ በፊት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።